በቀለም የተጻፈው አርባ አንድ

ኦርቪል በተቀበረ ማግስት ሎዌል ሱቁን እንደ ወትሮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከፈተ። መጋረጃውን ሰበሰበ፤ ምላጮቹን በአልኮል አጠበ፤ ነጩን ጨርቅ አራግፎ በወንበሩ ክንድ ላይ ጣለ። ሁሉንም እጁ ሠራው እንጂ እሱ ራሱ የሠራው አልመሰለውም። አንድያ ወንድሙን ትናንት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ አፈር አልብሶ ተመልሷል። ዓይኑ ግን አንዲት እንባ አላወጣም። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሴቶቹ ያቀረቡለትን የአሳማ ሥጋና ድንች በላ፤ ፓይ የሚሉትን የቼሪ ኬክ ሲያቀርቡለት አመስግኖ ያንንም በላ። ጣዕሙ ምን እንደሚመስል ቢጠይቁት መልስ አልነበረውም። ጥርስ ለመንቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ፣ መላ ሰውነቱ ደንዝዞ ነበር።

የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው። ከዚህ ውስጥ አርባ ስድስቱን በዚህ ሱቅ የሰው ፀጉር ሲያስተካክል ኖሯል። ሚስት አላገባም፤ ከሱቁ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ብቻውን ይኖራል። መኪና የለውም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በእግሩ ወደ ኦርቪልና ወደ ሚስቱ ወደ ኔቫ ቤት ሄዶ ምሳውን ይበላ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያ ገበታ ላይ ስለ በቆሎው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኦርቪል መኪና ያወሩ ነበር። ስለ አንድ ነገር ግን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አላወሩም። አሁን ኦርቪል ስለሞተ ያ ነገር ሎዌል ላይ ብቻውን ቀረ።

ነገሩ የተጻፈው ሱቁ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ባለ መዝገብ ነው።

ሎዌል በልጅነቱ የቅርጫት ኳስ ይወድ ነበር፤ እግሩ ግን አልታዘዘውም። በኢንዲያናዋ ከተማ በኮርብሊ ደግሞ ኳስ የማይጫወት ወንድ ልጅ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እግር ባይኖረውም ዓይን ነበረውና፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስጠርተው የነጥብ መዝገቡን ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ለዐሥራ ስምንት ዓመት፣ በበረዶው ወራት አርብ በመጣ ቁጥር ከሜዳው ዳር ካለችው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ፣ ማን እንዳገባ፣ ከየት እንዳገባ፣ ማን እንደተቀጣ ጻፈ።

የሚጽፈው በእርሳስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሩን የሚስተካከለውም የማይስተካከለውም ሱቁ ውስጥ ይሰበሰባል። ሎዌል መዝገቡን ገልጦ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብሎ ያነባል። «ሦስተኛው ሩብ፣ ዴልበርት፣ ከግራ ጥግ፣ ሁለት ነጥብ። ተቃውሞ ያለው?» የሚቃወም ካለ ይናገራል፤ ይከራከራሉ፤ ያየ ሰው ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ሎዌል ብዕሩን አንሥቶ በእርሳሱ ላይ በጥቁር ቀለም ይሄድበታል። ተቃውሞ ባልተፈታበት መስመር ላይ ቀለም አይወርድም። አንዴ ከወረደ ግን የግዛቱ ገዥ ቢመጣም አንዲት ቁጥር አትነካም። ኮርብሊ ውስጥ በፍርድ ቤት ቃሉን ያጠፈ ሰው ይኖር ይሆናል። በሎዌል መዝገብ ላይ ግን አልነበረም።

በእነዚያ ዓመታት የሱቁ ወሬ ሁሉ በሁለት ልጆች ላይ ነበር።

የኮርብሊው ዴልበርት ሃስ ሁለት ሜትር ሊሞላ አንድ ጣት የቀረው ረጅም ነበር። ኳስ እጁ ከገባች በኋላ እንደገና የምትታየው መረቡ ውስጥ ስትወርድ ብቻ ነው። የጎረቤቷ የሃደን ልጅ ቬርነን ስታኪ ደግሞ ከእሱ በአንድ ራስ ያጥራል። ኳስ እጁ ላይ አትቆይም፤ ፍም የያዘ ይመስል ወዲያው ለሌላ ይሰጣታል። ከሃደን አምስት ተጫዋቾች ማንኛው ጎበዝ እንደሆነ ለይቶ መናገር ያስቸግር ነበር። ቬርነን ለማረፍ የወጣ ዕለት ግን አንዳቸውም ጎበዝ እንዳልሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

«ዴልበርትን የመሰለ ኢንዲያና አልወለደችም» ይላል ሃርሊ። ሃርሊ በወንበር ፋብሪካው የሚሠራ ጎልማሳ ነበር፤ ቅዳሜ ከሱቁ ጠፍቶ አያውቅም።

«ወልዳለች፤ ሃደን ላይ ጣለችው እንጂ» ይላል ሌላው።

«ቬርነንን ነው? በአንድ ጨዋታ ዘጠኝ ነጥብ? የእኔ ዶሮ ከዚያ በላይ ታገባለች።»

«እንግዲያው ዶሮህን ላክልን፤ ማሸነፍ እንጀምራለን።»

በዚህ ሁሉ መካከል ስሙ የማይነሣው የሎዌል ታናሽ ወንድም ኦርቪል ነበር። ኦርቪል ከዴልበርት ጋር ይጫወታል፤ ሥራው ደረቱን መስጠት ነው። ዴልበርትን የሚከታተለው ተከላካይ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሄዶ እንደ በር ይቆማል። ተከላካዩ ከደረቱ ጋር ይላተማል፤ በዚያች ቅጽበት ዴልበርት ነጻ ይሆንና ያገባል። ሕዝቡ ለዴልበርት ሲያጨበጭብ ኦርቪል ትንፋሹን እየሰበሰበ ወደ ኋላ ይሮጣል። ለዚህ የሚሆን ዓምድ በመዝገቡ ውስጥ የለም። ሎዌል አንድ ጊዜ በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ነጠብጣብ እያኖረ የወንድሙን ሥራ ሊቆጥር ሞክሮ ነበር፤ በአንድ ጨዋታ ብቻ ሠላሳ አንድ ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሃርሊ አጎንብሶ አየና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ የዝንብ ኩስ?» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ሎዌል በላጲስ አጠፋው።

በ1954፣ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን፣ ኮርብሊና ሃደን በአውራጃው የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ተገናኙ። በሁለቱም ከተሞች ላሞች ከማለቢያው ሰዓት ቀድመው ታለቡ፤ ሱቆች ተዘጉ። ዴልበርት ያን ዕለት ሰው አይመስልም ነበር። ከቀኝ ያገባል፣ ከግራ ያገባል፣ ሁለት ሰው ተንጠልጥሎበት ያገባል። ሃደኖች ግን አልተደናገጡም። ቬርነን ኳሷን አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ እየሰጠ አራቱን ጓደኞቹን በየተራ ነጥብ አስቆጠራቸው። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩ ሃደን ስድሳ ሦስት፣ ኮርብሊ ስድሳ ሆነ። ዴልበርት ከቀኝ በኩል ወረወረ። ኳሷ የቅርጫቱን ብረት መትታ ወደ ላይ ነጠረች። ዴልበርት ሮጦ ዘለለ፤ ከሰሌዳው ሥር ደግሞ ኦርቪል፣ ቬርነን ከጀርባው ተጣብቆበት፣ ዘለለ። ሁለት እጆች ወደ ላይ ወጡ። ኳሷን የነካት አንዱ ነው። በሁለት ጣቱ ጫፍ ገፋ አደረጋት፤ ወደቀች፤ ደወሉ ተደወለ። ስድሳ ሦስት ለስድሳ ሁለት። ኮርብሊ በአንድ ነጥብ ተሸነፈች።

ሎዌል ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ የማን ጣት እንደሆነ አይቷል። በእርሳሱ የኦርቪልን ስም ፈልጎ ሁለት ነጥብ ጻፈ። በዚያ ዓመት ውድድር የወንድሙ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሁለት ነጥብ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ሱቁ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ኦርቪል ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ዴልበርት ሁለት እጆቹን ኪሱ ከትቶ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ሎዌል መቀሱን አኖረና መዝገቡን እያነበበ ወደ መጨረሻው መስመር ደረሰ።

«አራተኛው ሩብ፣ ኦርቪል፣ ከሰሌዳው ሥር፣ ሁለት ነጥብ። ተቃውሞ ያለው?»

«አለ» አለ ሃርሊ። «ኦርቪል ከየት መጣ? ዴልበርት ነው እንጂ።»

«እኔም ዴልበርት መስሎኝ» አለ ሌላ ሰው።

ሃርሊ በጣቱ ደምሮ ኖሯል። «ዴልበርት ሠላሳ ዘጠኝ አለው። ይችን ስትጨምርለት አርባ አንድ ይሆናል። የአውራጃው ትልቁ ነጥብ አርባ ነው፤ እሱንም ከጦርነቱ በፊት የያዘው የሃደን ሰው ነው። ሎዌል፣ ትናንት ዋንጫውን ወሰዱብን። ይኼንንም ይውሰዱት?»

ሰዎቹ ወደ ዴልበርት ዞሩ።

«እኔ እንጃ» አለ ዴልበርት ጫማውን እያየ። «ብዙ እጅ ነበር።»

ከዚያ ወደ ኦርቪል ዞሩ። ኦርቪል ከጨርቁ ሥር አልተንቀሳቀሰም። በመስታወቱ ውስጥ ሎዌልን ፊት ለፊት አየው።

«ዴልበርት ነው» አለ። «እኔ አልነካኋትም።»

ሎዌል ወንድሙን በመስታወቱ ውስጥ ጥቂት ተመለከተው። ምንም አላገኘበትም፤ ዝናብ ይዘንባል ብሎ እንደተናገረ ሰው ያለ ፊት ነበር። ላጲሱን አንሥቶ አጠፋ፤ ሁለቱን ነጥብ ወደ ዴልበርት መስመር አዛወረ፤ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ጻፈበት። በሕይወቱ ያየውን ሳይሆን የሰማውን በቀለም የጻፈው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቁጥሩ ከዚያ ወዲያ ከሎዌል እጅ ወጣ። ሰኞ ዕለት በጋዜጣ ታተመ። በበጋው የከተማው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በመግቢያው መንገድ ላይ «ኮርብሊ፤ የዴልበርት ሃስ ከተማ፤ አርባ አንድ ነጥብ» የሚል ሰሌዳ ተከሉ። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አርባ አንዱን አይቶ ዴልበርትን ወሰደው። እዚያ አሠልጣኙ ኳስ አቀብል ሲለው እምቢ አላለም፣ አልቻለበትም እንጂ፤ ሁለት ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ተመለሰና የመኪና ጎማ መሸጫ ከፈተ። ቬርነን በሃደን ፖስታ አዳይ ሆነ። ኦርቪል ወንበር ፋብሪካ ገብቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት የኋላ እግር ሲገጥም ኖረ። በ1968 የሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ተጣምረው አንድ ሆኑና የኮርብሊ ቡድን ጠፋ። ሎዌል የመጨረሻውን መዝገብ ዘግቶ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠ። ከሰሌዳው በቀር ለከተማዋ የቀረላት ነገር አልነበረም።

ኦርቪል በሞተ በሦስተኛው ቅዳሜ ሎዌል ቬርነንን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ያስተካክለው ነበር። የሃደኑ ፀጉር አስተካካይ ከሞተ ወዲህ ቬርነን በየሦስት ሳምንቱ ወደ ኮርብሊ ይመጣል። ጡረታ የወጣው ሃርሊ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ እያገላበጠ ነው።

«ሎዌል፣ ለጠላት እንዲህ አታሳምርለት» አለ ሃርሊ። «ሃደን ተመልሶ ይኮራብናል።»

«አንተ በሰማንያ ዓመትህም ተሸንፈህ አላበቃህም?» አለው ቬርነን።

«በአንድ ነጥብ ነው የተሸነፍነው።»

«አንድ ነጥብ ስትሸነፍም እራትህን እቤትህ ነው የምትበላው። ዋንጫው ሌላ ቤት ነው።»

ሎዌል እየሰማ የቬርነንን ቀኝ ጎን ጨረሰ። ድሮ ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁንም ሊስቅ የሚገባበት ቦታ እንደደረሰ አወቀ፤ ሳቁ ግን አልመጣም።

በሩ ተከፈተና ዴልበርት ገባ። በጉልበቱ ሕመም ምክንያት ወደ ጎን እየተወዛወዘ ነው የሚሄደው፤ በበሩ ሲገባ ዛሬም ልማድ ሆኖበት ጎንበስ ይላል። ሰላምታ አላቀረበም።

«ሎዌል፣ የሃምሳ አራትን መዝገብ አውጣልኝ።»

«ምነው፣ ልትስመው ነው?» አለ ሃርሊ።

«ዝም በል ሃርሊ።»

ሎዌል መቀሱን አኖረ፤ መዝገቡን ከመደርደሪያው አውጥቶ ገለጠ። ገጹን ሳይፈልግ በአንድ ጊዜ አገኘው። ዴልበርት አላየውም፤ ከመዝገቡ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያየው።

«የመጨረሻዋ የእኔ አይደለችም» አለ። «ኦርቪል ነው ያገባት። እጄ አልደረሰም፤ አየር ነው የነካሁት። በቀብሩ ዕለት ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ታስታውሳለህ? ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አስተካክለው።»

ሃርሊ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «ምን ይላል ይኼ?»

«እውነቱን ነው» አለ ቬርነን፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ። «ኦርቪልን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሆዴ ጀርባው ላይ፣ ክንዴ ክንዱ ላይ ነበር። ስትወጣም ስትወርድም አይቻታለሁ።»

«እና አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አፍህን ዘጋህ?»

«እኛ አሸንፈናል። ምን አገባኝ?» ቬርነን በመስታወቱ ውስጥ ሎዌልን ፈለገው። «ግን ልንገርህ። በዚያ ዕለት አሠልጣኛችን ዴልበርትን እንዴት እናቁመው ብሎ ሲጠይቅ፣ ዴልበርትን ተዉት፣ ከፊቱ ያለውን በር አንሡ ነው ያልኩት። ልናነሣው አልቻልንም። ወንድምህን ለእኔ ቢሰጡኝ ኖሮ ዋንጫ የማስቀምጥበት ቦታ ባጣሁ ነበር።»

ሎዌል ሰማው። እንዲህ ያለ ቃል ስለ ወንድሙ ከሰው አፍ ሲወጣ መስማት ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነገር ነበር። አሁን መጣ፤ መጥቶም አንድም ቦታ አልነካውም።

ያም ሆኖ አንድ ነገር አሰበ። ይህን መስመር ቢያስተካክለው፣ ከወንድሙ ስም ፊት ለፊት «2» ብሎ በራሱ እጅ ቢጽፍ፣ ምናልባት ይህ ድንዛዜ ይለቀው ይሆናል። ጥፋቱ የእሱ ነበርና። ዴልበርት ዝም አለ፤ ኦርቪል ዋሸ፤ የጻፈው ግን ሎዌል ነው። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ከኦርቪል ዜሮ አጠገብ በቀጭኑ ሁለት ቁጥርን ጻፈ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ብዕሩን አወጣ።

«አራተኛው ሩብ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ኦርቪል፣ ከሰሌዳው ሥር፣ ሁለት ነጥብ። ተቃውሞ ያለው?»

ሃርሊ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። በዚህ መካከል በሩ እንደገና ተከፈተ። ኔቫ ነበረች፤ በክንዷ ላይ የመስታወት ሳህኖች ደርድራለች። በለቅሶው ሰሞን ጎረቤት ምግብ ያመጣባቸውን ሳህኖች፣ ከሥራቸው የተለጠፈውን ስም እያነበበች ለየባለቤቱ ስትመልስ ነው የሰነበተችው።

«ሃርሊ፣ ይኼ የሚስትህ ነው። ባቄላው ጥሩ ነበር በልልኝ» አለችና ሳህኑን አስጨበጠችው። ከዚያ ቀና አለች። ዴልበርትን አየች፣ መዝገቡን አየች፣ ብዕሩን አየች። «ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ኔቫ፣ የኦርቪልን ነው» አለ ዴልበርት። «አርባ አንዱ ውስጥ ሁለቱ የእሱ ናቸው። ልመልስለት ነው።»

ሳህኖቹን ቀስ አድርጋ ወንበር ላይ አኖረች።

«አውቃለሁ» አለች። «በተጋባን በመጀመሪያው ሳምንት ነው የነገረኝ።»

ሎዌል ቀና ብሎ አያት። ለእሱ ያልነገረውን ለእሷ ነግሯታል።

«አዝኖ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«ኦርቪል? ያዝናል ብለህ ነው?» ፊቷ ሊስቅ ሲል ተወው። «በዚያ ሰሌዳ በኩል ባለፍን ቁጥር የመኪናውን ጡሩምባ አንዴ ይነካል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ወደ ሥራ ሲሄድም ሲመጣም። ልጆቻችን ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ አባባ ጅል ነው ይላሉ። እሱ ወደ እኔ ዘንበል ይልና 'እዚያ ላይ ሁለቱ የእኔ ናቸው' ይለኛል። ዴልበርት ባይወረውራት አላገኛትም ነበር፣ እኔ በመንገዷ ላይ ቆሜ ነው ይላል። ዋንጫው ቢቀርም ሰዎቹ ይዘውት የሚገቡት ነገር ይኑር አለ። በቃ። ለዚህ ነው።»

«እኔ ግን አልቻልኩም» አለ ዴልበርት። «በዚያ ሰሌዳ ሥር ሳልፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ስትነዳ አትጨፍን» አለ ሃርሊ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኔቫ ወደ ሎዌል ጠጋ አለች። «ይኼን በቀለም ከጻፍከው ወሬው ይወጣል። ወሬው ከወጣ የከተማው ሰዎች ሰሌዳውን ያወርዱታል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ብለው አይጽፉበትም። መቃብሩ ላይ ስሙና ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው ያለው፤ እዚያ ስሄድ የማገኘው የለም። ሰሌዳው ጋ ስደርስ ግን እኔም አሁን ጡሩምባውን እነካለሁ። ካወረዳችሁት በየት በኩል ልለፍ?»

ሎዌል ወደ መዝገቡ አጎነበሰ።

«ቃሉን የሰጠው እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው» አለች። «ሊያጥፈው የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የለም። እኔ እቃወማለሁ።»

ዴልበርት ግዙፍ እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። «እኔስ ታዲያ ምን ልሁን?»

«እሱ ሲያቀብልህ ትይዝ ነበር» አለችው ኔቫ፣ ያለ ቁጣ። «አሁንም ያዘው።»

ቬርነን ከወንበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዕድልህ ነው ዴልበርት። በወጣትነትህ ለማንም አላቀበልክም፤ አሁን ላቀብል ብትል ተቀባይ ጠፋ።»

ዴልበርት ሊቆጣ እንደፈለገ ቀና አለ፤ ከዚያ ትከሻው ወደቀ።

ሎዌል ብዕሩን እንደያዘ ቆመ። በዚያች ደቂቃ የፈለገው ነገር አንድ ነበር፤ ያችን ቁጥር በቀለም መጻፍ። ሊጽፋት የፈለገው ግን ለኦርቪል እንዳልሆነ አሁን ታወቀው። ለራሱ ነበር፤ ይኼ ከወንድሙ ጋር ያልተቀበረ በድን ነገር ከላዩ እንዲወርድለት። ኦርቪል የጠየቀው ነገር የለም። ኦርቪል ሰጥቶ ጨርሷል።

«ተቃውሞ አለ» አለ ሎዌል። የብዕሩን ክዳን መልሶ ገጠመና መሳቢያው ውስጥ አስገባው። የእርሳሱን ሁለት ቁጥር አላጠፋትም፤ ቀለም ሳይነካት እዚያው ተዋት። መዝገቡን ዘግቶ ከመስታወቱ ሥር አኖረው። እንባ ይመጣ እንደሆነ ቆሞ ጠበቀ። አልመጣም። የመጣው የፀጉር ቅባትና የአልኮል ሽታ ብቻ ነው።

ኔቫ የቀሩትን ሳህኖች አነሣች። «ነገ እሑድ ነው» አለችው። «ምሳ እንደ ወትሮው።»

«እመጣለሁ» አላት።

እሷ ወጣች። ሃርሊ የሚስቱን ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ ጋዜጣውን ሳያነሣ ተቀመጠ።

«ሎዌል» አለ ቬርነን። «ግራ ጎኔን ረሳኸው።»

ሎዌል መቀሱን አነሣ። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ከጆሮው በላይ ጀምሮ ወደ ማጅራቱ ወረደ፣ በምላጭ አንገቱን አጸዳ፣ በብሩሽ አራገፈው። ቬርነን ሒሳቡን ከፍሎ ካፖርቱን ለበሰ። በዴልበርት አጠገብ ሲያልፍ ዞር ብሎ የሚናገር መሰለ፤ ከዚያ እንደ ተጫዋች የትከሻውን ጫፍ መታ አድርጎት ወጣ።

«ቀጥሎ ማነው?» አለ ሎዌል፣ እንደ ልማዱ፣ ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ እያወቀ።

«እኔ ነኝ» አለ ዴልበርት።

ኮፍያውን አወለቀ። ዴልበርት ከአርባ ዓመቱ ጀምሮ ራሱ የተመለጠ ሰው ነው፤ ከጆሮዎቹ በላይ ካለች ስስ ነጭ ፀጉር በቀር የሚቆረጥ ነገር የለውም። ሃርሊ አየው፤ ለዚህ ሃያ ዓይነት ቀልድ እንዳለው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። አንዱንም አላወጣም።

ዴልበርት እያቃሰተ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሎዌል ወንበሩን የሚችለውን ያህል ዝቅ አደረገለት፤ ጨርቁን አራግፎ በሰፊው አንገቱ ላይ አሰረ፤ ማበጠሪያውን ውኃ ውስጥ ነከረና ሥራውን ጀመረ።